ዛሬ በእጃችሁ ላለው ካሜራ ሌንስ ምረጡ፦ «24-70 ግዙ» ለሚለው ምክር ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺ የጻፉትን የሌንስ ምክር አነበብኩ። ጽሑፉ ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ይዘው፣ ከካሜራው ጋር ከመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ወደ ተሻለ መደበኛ ዙም ማደግ ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ለክሮፕ ካሜራ ተብሎ በተሠራ ሌንስ ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ፤ የፉል ፍሬሙን (ለትልቁ ሴንሰር የተሠራውን) 24-70 ኤፍ 2.8 ግዙ። የሚሊ ሜትር ቁጥሩ ሲያንስ ዕይታው ይሰፋል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይገባል። ምክንያታቸው ስድስት ነው። ነገ ፉል ፍሬም ስትገዙ ሌንሱ አብሯችሁ ይሻገራል። ስፋት ካነሰባችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። ክሮፕ ካሜራ ላይ ኤፍ 2.8 በእውነቱ ኤፍ 4.2 ስለሆነ ለክሮፕ ኤፍ 2.8 ሌንስ መክፈል ከንቱ ነው። እስከዚያው ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ) ያለው ኪት ሌንስ የጨለማውን ነገር ይሸፍናል። የፉል ፍሬም ሌንስ መሃሉ ብቻ ስለሚሠራ ይበልጥ ይጠራል። የክሮፕ ሌንሶች ደግሞ የመለማመጃ ዕቃዎች ናቸው።

ጸሐፊው ለአንባቢያቸው አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ግን መደበኛ ዙም ማለት ከካሜራው ላይ ብዙም የማይነቀል፣ ሰው ለዓመታት አንጠልጥሎት የሚዞር ሌንስ ነው። እዚህ ላይ የሚሰጥ የተሳሳተ ምክር ዋጋው ብዙ ነው። እኔ ራሴ ይህንኑ ምክር ከሌላ ሰው ሰምቼ ስለተገበርኩት ያየሁትን ልናገር።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ሌንሱ ለነገ ይሆናል ከሚለው። 24-70 የተወደደው ፉል ፍሬም ላይ ከሰፊ እስከ መለስተኛ ቴሌ (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው) ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂፊልም ክሮፕ ሴንሰር ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የካኖን ትንሽ ያንሳል፣ 22.3 በ14.9 አካባቢ። ስለዚህ ያው ሌንስ ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገባ የሚያሳየው ዕይታ ፉል ፍሬም ላይ 36-105 የሚያሳየውን ያህል ነው፤ ካኖን ላይ ደግሞ 38-112። ከቴሌው በኩል ያገኛችሁት ትርፍ አለ። ከሰፊው በኩል የጠፋው ግን መደበኛ ዙምን መደበኛ የሚያሰኘው ክፍል ነው።

በቁጥር ብቻ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔ የገባኝ አንድ ቤተሰብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተሰብስቦ ፎቶ እንዳነሳቸው በተጠራሁበት ቀን ነው። ሳሎን ውስጥ ነበርን። አያት መሃል ወንበር ላይ፣ ልጆቻቸው ከኋላ ቆመው፣ ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ። እኔ 24-70ዬን 24 ላይ አድርጌ በቪውፋይንደሩ ሳይ፣ ከግራ የቆመው ሰው ትከሻው ተቆርጧል፣ ከቀኝ ያለችው ልጅ ግማሽ ፊቷ ብቻ ይታያል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። ተረከዜ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ጭንቅላቴ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ሁለቱ ሰዎች አሁንም ከፍሬሙ ውጭ ናቸው። ጠጋ ጠጋ በሉ ብላቸው የባሰ ተጨናነቁ፤ ሕፃናቱም መሰላቸት ጀመሩ። በመጨረሻ ከቦርሳዬ ኪት ሌንሱን አውጥቼ 18 ላይ አነሳኋቸው፤ ሁሉም ገቡ።

ቤቴ ስደርስ ሒሳቡን ሠራሁት። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ 24 ሚሊ ሜትር በክሮፕ ካሜራ የሚያሳየው ወርድ 2.9 ሜትር ገደማ ነው። 18 ሚሊ ሜትር 3.9 ሜትር ያሳያል፤ 17 ደግሞ 4.1፣ 16 ደግሞ 4.4። ያቺ የአንድ ሜትር ልዩነት ሁለት ሰው ማለት ነው። ስለ ሌንስ ስናወራ ከ24 ወደ 17 ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ በሰፊው ጫፍ ላይ ግን እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ትልቅ ናት። በቴሌው ጫፍ 63 ይሁን 70 ብዙም አይታወቅም፤ አንድ እርምጃ ጠጋ ማለት ይበቃል።

ይህ ሁለተኛውን ነጥብ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ የሚለውንም አብሮ ይመልሳል። ሜዳ ላይ እውነት ነው። ቤት ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ግን ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ የለም። ቦታ ቢኖርም እንኳ ወደ ኋላ መሄድና ሰፊ ሌንስ መጠቀም አንድ ነገር አይደሉም። ስትርቁ በፊት ያለው ሰውና በኋላው ያለው ነገር በመጠን እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ጠጋ ብላችሁ በሰፊው ስታነሱ የፊተኛው ይገዝፋል፣ የኋለኛው ይርቃል። በሁለቱ መካከል ያለ ጥልቀትና የቅርበት ስሜት የሚወሰነው በቆማችሁበት ቦታ ነው። ሌንሱ ልትቆሙ ከምትፈልጉበት ቦታ የሚያባርራችሁ ከሆነ ፎቶውን የሚያነሳው ሌንሱ ነው ማለት ነው።

ስለ ነገም ቢሆን ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ፉል ፍሬም የሚገዙት አንባቢዎቻቸው ስንቶቹ ናቸው? ብዙ ሰው በክሮፕ ካሜራ ይጀምርና በክሮፕ ይቀጥላል፤ በቂ ስለሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ ገና ላልተገዛ ካሜራ ሲባል ዛሬ በእጅ ያለው ካሜራ ለዓመታት ያለ ሰፊ ሌንስ ይቀመጣል። የነገው ካሜራ የትኛውን ሌንስ እንደሚቀበልም ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። በ2018 ካኖንና ኒኮን ሁለቱም ለፉል ፍሬም ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎቻቸው አዲስ ማውንት (ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበት) ይዘው መጡ፤ ለነገ ብለው የቆየውን ማውንት ሌንስ የገዙ ሰዎች አዳፕተር (ማገናኛ) አስፈለጋቸው። አዳፕተሩ ደህና ይሠራል፣ ሌንሱም አልተጣለም፤ ግን ነገ ሲመጣ በታሰበበት መልክ አልመጣም።

የክሮፕ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ጨርሶ አይሠራም የሚለው አነጋገራቸውም ማስተካከያ ይፈልጋል። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ የካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት ካሜራ) ላይ አይገጥምም፤ ይህ ልክ ነው። የኒኮን ዲኤክስ ሌንስ ግን ፉል ፍሬሙ ላይ ይገጥማል፣ ካሜራው ራሱ ምስሉን ወደ ክሮፕ ይቆርጠዋል። ሶኒም እንዲሁ፤ የካኖን አርኤፍ-ኤስ ሌንስም በአርኤፍ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ እንዲሁ። የሚቀንሰው ፒክስሉ ነው፤ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም በዚህ አኳኋን ወደ 10 ሜጋፒክስል ይወርዳል። ለዘለቄታው አይመከርም፤ ለመሸጋገሪያ ጊዜ ግን ይሆናል።

አሁን ወደ ኤፍ 2.8 ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ አንባቢን የሚያሳስተው ይህ ስለሆነ።

የኤፍ ቁጥር ማለት የሌንሱ ፎካል ርዝመት (የሚሊ ሜትር ቁጥሩ) ብርሃን ለሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 ላይ ሲከፈት ቀዳዳው ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከኋላው ትልቅ ሴንሰር ይኑር ትንሽ፣ 50ውም 18ቱም አይለወጡም። ስለዚህ እያንዳንዷ የሴንሰር ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያው ነው። በእጅ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ ይዛችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ብትለኩ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ኤፍ 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ብሎ ይነግራችኋል እንበል። መለኪያው ካሜራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠይቅም፤ መልሱም ለሁለቱም ካሜራ ልክ ነው። ኤፍ 4.2 ብላችሁ ብታስተካክሉለት ፎቶው ይጨልማል፣ ወይም ሹተሩ ይዘገያል።

ታዲያ 4.2 ከየት መጣ? ከፎከስ ጥልቀት ነው። አንድን ሰው በሁለቱም ካሜራ ከአንድ ቦታ ቆመን በአንድ ዓይነት ፍሬም ብናነሳው፣ ክሮፑ ላይ ኤፍ 2.8 የሚሰጠው የባክግራውንድ ብዥታ ፉል ፍሬም ላይ ኤፍ 4.2 ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል። ይህ እውነት ነው፣ ጠቃሚ ዕውቀትም ነው። ትልቁ ሴንሰር በስፋቱ ምክንያት በጠቅላላው የሚሰበስበው ብርሃን ስለሚበልጥ በከፍተኛ አይኤስኦ ኖይዙ (ምስሉ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ይቀንሳል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱም ግን ፉል ፍሬም ካሜራን ከክሮፕ ካሜራ ሲያወዳድሩ የሚመጡ ልዩነቶች ናቸው። አንባቢው በእጁ ያለው አንድ ካሜራ ነው፤ የሚያወዳድረውም ሌንስን ከሌንስ ጋር ነው። ኤፍ 2.8ን በ1.5 አባዝተን 4.2 ካልነው፣ የኪት ሌንሱን ኤፍ 5.6ም አባዝተን 8.4 ልንለው ይገባል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ንቅንቅ አላለም፦ ሁለት ስቶፕ፣ አራት እጥፍ ብርሃን።

ጸሐፊው ደግሞ ይህንን ሒሳብ የሠሩት በክሮፕ ሌንሶች ላይ ብቻ ነው። እንዲገዛ የሚመክሩት 24-70 ኤፍ 2.8ም ያው ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገባ በእርሳቸው አቆጣጠር ኤፍ 4.2 ይሆናል። ለክሮፕ የተሠራው የ17-50 ኤፍ 2.8 ገንዘብ ከንቱ ከሆነ የ24-70ውም ከንቱ ነው፤ የ24-70ው ካልሆነ የሌላውም አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማስኬድ አይቻልም።

የአራት እጥፍ ብርሃን ጥቅም ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ልጅ ሻማ ሊያጠፋ ጎንበስ ብሏል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚበራው አንድ አምፑል ነው። ፊቱን በ50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዛችሁታል። ኪት ሌንሱ እዚያ ጋ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። አይኤስኦ 1600 ላይ ሹተሩ ሠላሳኛ ሰከንድ ቢወጣ፣ ልጁ ጉንጩን ሞልቶ ሲነፋ ከንፈሩም ፀጉሩም ይደበዝዛል። ኤፍ 2.8 ላይ ያው አይኤስኦ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ይሰጣችኋል፤ የተነፋው ጉንጭ፣ የጠበበው ዓይን፣ ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ሁሉም ተይዟል። ወይም ኪት ሌንሱ ላይ ይህንኑ ሹተር ለማግኘት አይኤስኦውን 6400 ታደርሱታላችሁ፤ ክሮፕ ሴንሰር ላይ ይህ በቆዳ ላይ ይታያል።

ጸሐፊው እዚህ ጋ ማረጋጊያ ያድናል ይላሉ። ማረጋጊያ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው። ልጁን አያረጋጋውም። ቆሞ ያለ ሕንፃ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ፣ የምሽት መንገድ ከሆነ ማረጋጊያ ድንቅ ነገር ነው፤ በአሥራ አምስተኛ ሰከንድ የጠራ ፎቶ ይሰጣል። ሰው የምታነሱ ከሆነ ግን ማረጋጊያውም የሰፊ አፐርቸርን (የብርሃን ቀዳዳን) ቦታ አይተካም፣ ሰፊ አፐርቸርም የማረጋጊያውን። በመሆኑም ሌንስ ስትመርጡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ካሜራችሁ በውስጡ ማረጋጊያ አለው ወይ የሚለውን ነው። ሶኒ ኤ6400፣ ኒኮን ዜድ50፣ ካኖን አር10ና አር50 የላቸውም። ሶኒ ኤ6700፣ ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ5፣ ካኖን አር7 አላቸው። ካሜራው ከሌለው ሌንሱ ቢኖረው መልካም ነው፤ በተለይ ቪዲዮ በእጅ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ከጥራት ሁሉ ሊቀድም ይችላል።

ቪዲዮን ካነሳሁ አይቀር፣ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት አንድ ነገር አለ። 18-55 ኤፍ 3.5-5.6 ሌንስ ዙም በተደረገ ቁጥር አፐርቸሩ እየጠበበ ይሄዳል። ሁሉን በእጃችሁ አስተካክላችሁ 18 ላይ በኤፍ 3.5 የጀመራችሁት ቀረጻ 55 ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ወርዶ ታገኙታላችሁ። በፍላሽ የሚሠራም ሰው ይህንኑ ያገኛል። አንድ ዓይነት አፐርቸር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዝ ሌንስ አንዴ የለመደ ሰው መመለስ የሚከብደው በዚህ ነው።

መሃሉ ብቻ ስለሚሠራ ይጠራል የሚለው ግማሹ ልክ ነው። የፉል ፍሬም ሌንስ ጥጎቹ ላይ ያለበት መጨለምና መድከም ክሮፑ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። የቀረው መሃል ግን ፉል ፍሬም ላይ ከሚጎላው በአንድ ከግማሽ እጥፍ በላይ ጎልቶ ነው የምናየው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ክሮፕ ሴንሰር ፒክስሎቹ የታጨቁበት መጠን 54 ሜጋፒክስል ገደማ ካለው ፉል ፍሬም ጋር እኩል ነው። ለትልቅ ሴንሰር የተሠራ አሮጌ ሌንስ ይህን ያህል ዝርዝር መስጠት ላይችል ይችላል። የሌንሱ ጥላ፣ ከፊቱ የሚገጠመው ሁድ፣ የተቆረጠውም ለሰፊው ዕይታ ስለሆነ ክሮፕ ላይ ከጎን የሚመጣ ብርሃንን በሚገባው ልክ አይከላከልም።

የክሮፕ ሌንስ መለማመጃ ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን በጣም አሳዝኖኛል፤ ብዙ ሰው በእነዚህ ሌንሶች እንጀራውን ሲበላ አይቻለሁና። ኒኮን 17-55 ኤፍ 2.8ን ያወጣው በ2003 ለባለሙያ ካሜራዎቹ ነው። ካኖን በ2006 ኢኤፍ-ኤስ 17-55 ኤፍ 2.8ን ከነማረጋጊያው አመጣ። በዚያው ዓመት ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8ን አውጥቶ ብዙ ሰው ሊደርስበት የሚችል አደረገው፤ ሲግማም በ2010 የራሱን 17-50 ጨመረ። በ2013 ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8ን ሲያወጣ በዚያን ጊዜ የትኛውም ፉል ፍሬም ዙም ያልደረሰበትን አፐርቸር ለክሮፕ ካሜራ ሰጠ። ይህ የመለማመጃ ዕቃ ታሪክ አይደለም።

ዛሬም ለሚረርለስ ክሮፕ ካሜራ ያለው ምርጫ በጣም ጥሩ ነው። የሶኒ 16-55 ኤፍ 2.8 494 ግራም ነው፣ ማረጋጊያ የለውም። የታምሮን 17-70 ኤፍ 2.8 525 ግራም ይመዝናል፣ ማረጋጊያ አለው፣ በቴሌውም በኩል ይረዝማል። የሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ለሶኒ የተሠራው 290 ግራም ብቻ ነው፤ ማረጋጊያ የለውም። ከእነዚህ ጎን የካኖን 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል ሁለተኛው ትውልድ 805 ግራም ነው። ትንሽ ካሜራ ላይ ይህን ገጥሞ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው ማታ አንገቱ ይነግረዋል። ካሜራው ሚዛኑን ስቶ ወደ ፊት ስለሚደፋ በአንድ እጅ መያዝ ይከብዳል፤ ልጅ በአንድ እጁ ለያዘ ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትንም ልናገር፤ ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፉል ፍሬም ካሜራ ለመግዛት የቆረጠ፣ ጊዜውም የቀረበ፣ እስከዚያው ለሰፊው ዕይታ ኪት ሌንሱን የሚያቆይ ሰው 24-70ን አስቀድሞ ቢገዛ አልቃወምም። ሁለተኛ፣ የሰው ፊትን ብቻ የሚያነሳ ሰው፣ የ36-105 ዕይታ ይስማማዋል። ሦስተኛ፣ ኪት ሌንስን አትናቁ ያሉት ትክክል ነው፤ በቀን ብርሃን ኤፍ 8 ላይ የተነሳ ፎቶ ከውድ ሌንስ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ብዙ ሰው አይለየውም። በቀን ውጭ የመሬት ገጽታ ብቻ የሚያነሳ ሰው ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልገውም።

ለቀረው ሰው የምመክረው እስካሁን ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ከፍታችሁ በየትኛው ሚሊ ሜትር እንደተነሱ ማየትን ነው፤ ካሜራው በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ጽፎታል። እኔ ሳየው ፎቶዎቼ ሁለቱ ጫፍ ላይ ተከማችተው አገኘኋቸው፦ 18 ላይ ቤትና ስብስብ፣ 55 ላይ ፊት። የ55ቶቹን አይኤስኦ ሳይ አብዛኛዎቹ በጨለማ ክፍል የተነሱ ናቸው። ስለዚህ 17-50 ኤፍ 2.8 ገዛሁ። 55 ላይ የተከማቹት በቀን ውጭ የተነሱ ቢሆኑ ኖሮ የጎደለኝ ብርሃን ሳይሆን ርዝመት ነው ማለት ስለሚሆን፣ 17-70ን ወይም አፐርቸሩ ቢጠብም 18-135ን እመርጥ ነበር።

24-70 ይሻለኛል የሚል ሀሳብ ካላችሁ ደግሞ ሳትገዙ መሞከር ትችላላችሁ። የኪት ሌንሳችሁን የዙም ቀለበት 24 ላይ አድርጉና ከዚያ ወደ ሰፊው እንዳይዞር በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አንሱ፤ ቤት ውስጥም፣ ሰው በተሰበሰበበትም፣ መንገድ ላይም። ፕላስተሩን ልነቅለው ያላችሁበት ጊዜ ካልነበረ የጸሐፊው ሌንስ ለእናንተም ይሆናል። እኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳያልቅ ነቀልኩት።